ማን ምን ያመርታል? የማምረቻ ክፍሎችና የምርቶች ዝምድና በሰንጠረዥ ሲገለጽ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ በጃፓን ካሪያ በተባለችው ከተማ በሚገኝ አይሲን በተሰኘ ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ወደ መኪና የኋላ ፍሬን የሚደርሰውን የዘይት ግፊት የሚቆጣጠር፣ በመዳፍ የሚያዝ አነስተኛ ቫልቭ ያመርት ነበር። ቶዮታ ከሚጠቀምባቸው ከእነዚህ ቫልቮች 99 በመቶ ያህሉ የሚመጡት ከዚሁ ከአንድ ፋብሪካ ነበር። ቶዮታ ዕቃ በመጋዘን ማከማቸትን እንደ ብክነት የሚቆጥር፣ የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ የሚቀበል ኩባንያ በመሆኑ በእጁ የነበረው ክምችት እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጃፓን የሚገኙት የመገጣጠሚያ መስመሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆሙ። ሞተሩ፣ ጎማው፣ መሪውና ወንበሩ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ አንዲት ቫልቭ ስለ ጠፋች ብቻ መኪና መሥራት አልተቻለም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ፋብሪካው በተቃጠለ በአንድ ሳምንት አካባቢ ጊዜ ውስጥ የቶዮታ መስመሮች እንደገና መሥራት ጀመሩ። የተቃጠለው ፋብሪካ ግን በዚያ ጊዜ ገና አልተጠገነም ነበር።

እነዚህ ሁለት ክስተቶች፣ ማለትም ፈጣኑ መቆምና ፈጣኑ መነሣት፣ ሁለት ጥያቄዎች ያስነሡብናል። አንዲት ትንሽ ዕቃ እንዴት ግዙፉን ኢንዱስትሪ ልታቆም ቻለች? የቆመውስ እንዴት እንዲህ ቶሎ ተነሣ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ «ማን ምን ያመርታል?» የሚለውን ዝምድና በትክክል በሚገልጽ ሰንጠረዥ ውስጥ እንደሚገኝ ማሳየት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገን የሒሳብ ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከምናገኘው እምብዛም አይበልጥም።

ከአንድ ብረታ ብረት ሥራ ቤት የተገኘ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ መካከል ጥቂቶቹ ለመመረቂያ ሥራቸው በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ የሚከናወነውን ምርት እንዲመዘግቡ ረድቻቸው ነበር። እኛም ቀላል መስሎን ለእያንዳንዱ ምርት አንድ አንድ ገጽ ሰጠን። «በር» በሚለው ገጽ ላይ በር የሚያልፍባቸውን ማሽኖች ሁሉ፣ «አልጋ» በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ አልጋ የሚያልፍባቸውን ማሽኖች ሁሉ ዘረዘርን። መዝገቡ ሥርዓት ያለው ይመስል ነበር።

አንድ ቀን የሥራ ቤቱ ባለቤት ጠሩንና፣ «መምህር፣ የቧንቧ ማጠፊያው ተሰብሯል። ለየትኞቹ ደንበኞች ደውዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አሉን። መዝገባችን ግን ይህን ጥያቄ ሊመልስ አልቻለም። ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለጥን «ማጠፊያ» የሚለውን ቃል መፈለግ ነበረብን። ያውም አንደኛው ተማሪ «ማጠፊያ» ሲል ሌላው «ማጉበጫ» ብሎ ስለ ጻፈ ከገጾቹ አንዱን ዘለልነው። በዚህ ምክንያት አልጋ ያዘዙ አንድ ደንበኛ ሳይነገራቸው በቀጠሮው ቀን መኪና ተከራይተው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ የሞዴሉ ነበር። መዝገቡን የሠራነው ከምርቶቹ ወገን ቆመን ስለ ነበር ከማሽኖቹ ወገን ለሚነሣ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። በማሽን ከፋፍለን ብንጽፈው ኖሮ ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣ ነበር። የሚያስፈልገን ለሁለቱም ወገን እኩል የሆነ አገላለጽ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛ ነገር

እንዲህ ያለው አገላለጽ የሚጀምረው ሁለት ዓይነት ነገሮችን ለይቶ በማስቀመጥ ነው። በአንድ ወገን የማምረቻ ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ እንደ ጥናቱ ስፋት ማሽኖች፣ የሥራ ክፍሎች፣ ፋብሪካዎች ወይም አገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላው ወገን ምርቶች አሉ። ክፍሎቹን በረድፍ፣ ምርቶቹን በዓምድ አድርገን፣ ክፍሉ በምርቱ ሥራ የሚሳተፍ ከሆነ 1፣ የማይሳተፍ ከሆነ 0 እንጽፋለን። የሥራ ቤቱ ሰንጠረዥ ቀለል ባለ መልኩ የሚከተለው ነው። ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ በር፣ መስኮት፣ አልጋና ወንበር ናቸው።

መቁረጫ፦ 1 1 1 1
ማጠፊያ፦ 0 0 1 1
መብሻ፦ 1 0 1 0
መበየጃ፦ 1 1 1 1

አሁን የባለቤቱ ጥያቄ በአንድ እይታ ይመለሳል። የማጠፊያውን ረድፍ ብናነብ የሚስተጓጎሉት አልጋና ወንበር እንደ ሆኑ እናያለን። ዓምዱን ወደ ታች ብናነብ ደግሞ መስኮት ሁለት ማሽኖች ብቻ፣ አልጋ ግን አራቱንም እንደሚፈልግ እንረዳለን። ከዚህም አልፈን የሁለት ማሽኖችን ረድፎች ቁጥር በቁጥር አባዝተን ውጤቱን ብንደምር ሁለቱ ማሽኖች በጋራ የሚሠሯቸውን ምርቶች ብዛት እናገኛለን። ለምሳሌ ለማጠፊያውና ለመብሻው 0×1 + 0×0 + 1×1 + 1×0 = 1 ይሆናል፤ የጋራ ምርታቸው አልጋ ብቻ ነው። ማትሪክስ የተማሩ አንባቢዎች ይህ ማትሪክሱን በራሱ ግልባጭ ከማባዛት የተለየ እንዳልሆነ ያስተውላሉ። በትልልቅ ፋብሪካዎች ውስጥ የትኞቹ ማሽኖች ጎን ለጎን ቢተከሉ እንደሚሻል የሚወሰነው በዚህ ዓይነት ስሌት በመነሣት ነው።

ይሁን እንጂ 1 እና 0 ብቻ በቂ አይደሉም። አንድ በር መብሻው ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል? እንበልና 12 ደቂቃ ቢሆን፣ ይህ ቁጥር የማን ባሕርይ ነው? የመብሻው እንዳንል አልጋ ላይ ሌላ ደቂቃ ይወስዳል። የበሩ እንዳንል መቁረጫው ላይ ሌላ ደቂቃ ይቆያል። 12 ደቂቃው የመብሻውም የበሩም ሳይሆን የዝምድናቸው ባሕርይ ነው። በፊዚክስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በመሬትና በጨረቃ መካከል ያለው ርቀት የመሬት ብቻ ወይም የጨረቃ ብቻ ባሕርይ አይደለም፤ የሁለቱ ነው።

ይህን ሐሳብ በመረጃ አያያዝ መስክ መሠረት ያስያዘው በአይ.ቢ.ኤም. ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ ነው። ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን ሁሉ እርስ በርሳቸው በሚዛመዱ ሰንጠረዦች መግለጽ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በባንክም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር የሚገኙት ዳታቤዞች በአብዛኛው የተመሠረቱት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ አሠራር መሠረት አንድ ክፍል ብዙ ምርቶችን፣ አንድ ምርትም ብዙ ክፍሎችን የሚነካ ሲሆን ሦስት ሰንጠረዦች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የክፍሎች፣ ሁለተኛው የምርቶች፣ ሦስተኛው የዝምድናው ነው። ደቂቃውም ወጪውም የሚጻፈው በሦስተኛው ላይ ነው። የማሽኑ ስም በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚመዘገብ «ማጠፊያ» እና «ማጉበጫ» የሚል መደናገርም አይኖርም።

«እና» ወይስ «ወይም»?

ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። በሥራ ቤቱ ሰንጠረዥ የበር ዓምድ ሦስት 1 አለው። ይህ ማለት በር ለመሥራት መቁረጫና መብሻና መበየጃ ያስፈልጋሉ ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ በር የለም። አሁን ግን ረድፎቹ ማሽኖች መሆናቸው ቀርቶ ሦስት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው እንበል። በሲሚንቶ ዓምድ ሥር ያሉት ሦስት 1 ቁጥሮች አሁን የሚነበቡት «ይኸኛው ወይም ያኛው ወይም ሌላኛው» ተብለው ነው። አንዱ ቢዘጋ ሁለቱ ይቀራሉ። ሰንጠረዡ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ይህ ልዩነት በኤሌክትሪክ ትምህርት በተከታታይና በትይዩ በተገጠሙ አምፖሎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በተከታታይ ከተገጠሙት አንዱ ቢቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ፤ በትይዩ ከተገጠሙት አንዱ ቢቃጠል የቀሩት ይበራሉ። በቁጥር ለማየት፣ እያንዳንዱ ማሽን በአንድ በተወሰነ ቀን ሳይበላሽ የመዋሉ ዕድል 0.9 ነው፣ የአንዱ መበላሸትም ሌላውን አይነካም እንበል። በተከታታይ ሦስት ማሽኖችን የሚፈልግ ምርት በዚያ ቀን የመሠራቱ ዕድል 0.9×0.9×0.9 = 0.729 ይሆናል። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ማሽኖች በትይዩ ካሉ ግን ቢያንስ አንዱ የመሥራቱ ዕድል 1 − 0.1×0.1 = 0.99 ነው። በተከታታይ በጨመርን ቁጥር እንዳከማለን፤ በትይዩ በጨመርን ቁጥር እንጠነክራለን።

አንድ መኪና በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች በ«እና» የተያያዙበት ምርት ነው። የካሪያው ቫልቭ ደግሞ ራሱ በ«ወይም» ሊጠበቅ ሲገባው በዓምዱ ውስጥ የነበረው አንድ 1 ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይህ ነው።

መጠኑም ይቆጠራል

በትይዩ መገጠም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዩናይትድ ስቴትስ ለክረምቱ የሚያስፈልጋትን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በዋናነት ትጠብቅ የነበረው ከሁለት አምራቾች ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሊቨርፑል የሚገኘውን የካይረን ኩባንያ ፋብሪካ ፈቃድ በብክለት ምክንያት አገደ። አገሪቱ ከጠበቀችው ክትባት ግማሽ ያህሉ በአንድ ቀን ጠፋ። ሌላው አምራች መሥራቱን አላቆመም፤ አምፖሉ በርቷል። ይሁን እንጂ ብርሃኑ ለቤቱ ሁሉ አልበቃም። የነበረው ክትባት በቅድሚያ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን እንዲሰጥ ተወሰነ። እንዲሁም በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በኖርዝ ካሮላይና የሚገኝ አንድ የባክስተር ኩባንያ ፋብሪካ ሲያጥለቀልቅ፣ ፋብሪካው ለዚያች አገር ሆስፒታሎች በደም ሥር ከሚሰጡ ፈሳሾች 60 በመቶ ያህሉን ያቀርብ ስለ ነበር ብዙ ሆስፒታሎች አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎችን ለማዘግየት ተገድደዋል።

ስለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ ከ1 እና 0 ይልቅ የማምረት አቅምን የሚያሳዩ ቁጥሮች መጻፍ አለባቸው። ይህን ጥያቄ በሒሳብ ቀድሞ የፈታው የሌኒንግራዱ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ነው። የኮምፔንሳቶ አምራች ድርጅት መሐንዲሶች ወደ እርሱ ዘንድ መጥተው፣ የተለያዩ ማሽኖቻቸው ለተለያዩ የእንጨት ዓይነቶች የተለያየ ፍጥነት ስላላቸው የትኛው ማሽን የትኛውን እንጨት ቢሠራ እንደሚሻል ጠየቁት። እርሱም መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1939 በመጽሐፍ አሳተመ። ለዚህና ለተከታይ ሥራዎቹ በ1975 ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የጥያቄውን ጠባይ በቀላል ምሳሌ እንመልከት። ሁለት ማሽኖች አሉን። ማሽን ሀ በሰዓት 10 የበር መቃን ወይም 20 የመስኮት መቃን ይሠራል። ማሽን ለ በሰዓት 5 የበር ወይም 5 የመስኮት መቃን ይሠራል። ደንበኛው የሚፈልገው የበርና የመስኮት መቃን ጥንድ ጥንዱን ነው። የሥራው ቀን 8 ሰዓት ቢሆን ስንት ጥንድ ማምረት ይቻላል?

አንዱ አማራጭ ለፍርድ የሚቀል መስሎ ይታያል፤ ሁለቱም ማሽኖች ጊዜያቸውን እኩል ይክፈሉ። ማሽን ሀ 40 በርና 80 መስኮት፣ ማሽን ለ 20 በርና 20 መስኮት ይሠራሉ። ድምሩ 60 በርና 100 መስኮት ስለሚሆን የተሟላው 60 ጥንድ ነው። ሁለተኛው አማራጭ እያንዳንዱን በሚሻልበት ሥራ ላይ ብቻ ማዋል ነው። ማሽን ሀ 160 መስኮት፣ ማሽን ለ 40 በር ይሠራሉ፤ የተሟላው 40 ጥንድ ብቻ ነው። ሦስተኛው አማራጭ ማሽን ለን ቀኑን ሙሉ በር ላይ አውሎ የማሽን ሀን ጊዜ ለሁለት መክፈል ነው። በዚህ ጊዜ በሩ 40 + 40 = 80፣ መስኮቱም 80 ይሆናል። 80 ጥንድ ተገኘ ማለት ነው። ማሽን አልተገዛም፤ የሥራ ሰዓት አልተጨመረም። የተለወጠው ማሽኖቹ ከምርቶቹ ጋር ያላቸው አመዳደብ ብቻ ነው። ከሁለት ማሽን አልፎ መቶ ማሽንና ሺህ ምርት ሲሆን በግምት መድረስ ስለማይቻል እንደ ሲምፕሌክስ ያሉ ዘዴዎች ያስፈልጋሉ፤ ይህንንም ዘዴ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 አበርክቷል።

የሚያመርት እና ማምረት የሚችል

አሁን ወደ ካሪያ እንመለስ። እሳቱ እንደ ጠፋ አይሲን የቫልቮቹን ንድፍ ለሌሎች ድርጅቶች አደለ። ከ60 የሚበልጡ ድርጅቶች ባሏቸው ማሽኖች ቫልቩን መሥራት ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ በስፌት መኪና የሚታወቀው ብራዘር ነበር። ብዙዎቹ ይህን ቫልቭ ከዚያ በፊት ሠርተው አያውቁም፤ አሠራራቸውም ከተቃጠለው ፋብሪካ ልዩ ማሽኖች ይልቅ ዘገምተኛ ነበር። ሆኖም ብረት በትክክል መቁረጥና መብሳት ያውቁ ነበር።

ይህ የሚያስተምረን ሰንጠረዡ ሁለት መሆን እንዳለበት ነው። አንደኛው «ማን ያመርታል?» የሚለውን፣ ሁለተኛው «ማን ማምረት ይችላል?» የሚለውን ይመልሳል። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ በቫልቩ ዓምድ ሥር አንድ 1 ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሰንጠረዥ ግን ከ60 በላይ ነበሩ። ቶዮታን ያቆመው የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ሲሆን ያስነሣው ሁለተኛው ነው።

በአገራችንም ይህን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ድርጅቶች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞረዋል። ጨርቁን፣ የስፌት መኪናውንና የሠራተኛውን ልምድ አስቀድመው ይዘው ስለ ነበር ከ0 ወደ 1 ለመሻገር ረጅም ጊዜ አልወሰደባቸውም።

በሁለቱ ሰንጠረዦች መካከል የተደበቀው ነገር የችሎታ ጉዳይ ነው። ሥልጠናው በፊዚክስ የሆነው ሴሳር ሂዳልጎና የኢኮኖሚ ሊቁ ሪካርዶ ሃውስማን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን ሐሳብ ወደ አገሮች አስፍቶታል። ረድፎቹ አገሮች፣ ዓምዶቹ ወደ ውጭ የሚላኩ ምርቶች ናቸው። ብዙ ዓይነት ምርት የሚልኩ አገሮች ሌሎች ጥቂቶች ብቻ የሚሠሯቸውን ምርቶች ጭምር ይልካሉ። ጥቂት ዓይነት ምርት ብቻ የሚልኩ አገሮች ግን የሚልኩት በአብዛኛው ሌላውም የሚልከውን ነው። ማብራሪያቸውም ይህ ነው፦ አገር ከምርት ጋር በቀጥታ አይያያዝም፤ አገር ከችሎታ፣ ችሎታም ከምርት ጋር ይያያዛል። አንድ ምርት የሚፈልጋቸው ችሎታዎች በ«እና» የተያያዙ ስለ ሆኑ አንድ ችሎታ የጎደለው አገር ሌሎቹ ቢኖሩትም ምርቱን አያገኘውም። በአንጻሩ አንድ አዲስ ችሎታ ሲጨመር ከነባሮቹ ጋር ተጣምሮ ብዙ ምርቶችን በአንድ ጊዜ ሊከፍት ይችላል። የውጭ ንግዷ በቡናና በመሰል የግብርና ውጤቶች ላይ ያተኮረ እንደ ኢትዮጵያ ላለች አገር ይህ የሚጠቁመው «ምን እናምርት?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «አሁን ካሉን ችሎታዎች ላይ የትኛዋ ብትጨመር ብዙ ዓምዶች ይከፈታሉ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ለአንባቢ የቀረበ ሥራ

ውድ አንባቢ፣ በአካባቢህ ወይም በአካባቢሽ ከሚገኝ ዳቦ ቤት፣ እንጨት ሥራ ቤት ወይም ልብስ ስፌት ቤት ፈቃድ ጠይቆ ይህን ሰንጠረዥ መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በመጀመሪያ መሣሪያዎቹንና ምርቶቹን ለይቶ መዘርዘር፣ ቀጥሎ 1 እና 0 መሙላት፣ ከዚያም 1 ባለበት ሁሉ የሚፈጀውን ደቂቃ መለካት ያስፈልጋል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ዓምድ በ«እና» ይነበብ ወይስ በ«ወይም» ብሎ መጠየቅና ጎረቤት ካሉት ሥራ ቤቶች እነማን ምርቱን መሥራት እንደሚችሉ በሁለተኛ ሰንጠረዥ መመዝገብ ነው።

ከላይ ያነሣሁት የብረታ ብረት ሥራ ቤት ባለቤት አሁን ግድግዳቸው ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፈዋል። አንደኛው የማሽኖቻቸውና የምርቶቻቸው ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ማጠፊያ ያላቸው የሁለት ጎረቤት ሥራ ቤቶች ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ነው። ማጠፊያው ከዚያ ወዲህም ተሰብሮ ያውቃል፤ ቧንቧዎቹ ጎረቤት ዘንድ ታጥፈው ስለ መጡ ግን አልጋዎቹ በቀጠሯቸው ቀን ደርሰዋል።